ያለፈው ዓመት ጉዝጓዝ የት ገባ?

ጻፊ ጻፊ ያሰኙኝ ልጆቹ ናቸው። የልጄ የአዳነች ልጅና ጓደኞቿ ቲማቲም ሲለቅሙ ቆይተው፣ «እማማ ዘነቡ፣ ያን ጊዜ ሰቆጣ ድረስ ሄደው ምን አይተው ነው መሬቱን የፈቀዱት? ይንገሩን» አሉኝ። ብነግራቸው እያቋረጡ ይስቁብኛል፤ ስለዚህ ልጻፈው አልሁ። እኔ የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥሁም። ፊደል የለየሁት ልጆቼ ሲያጠኑ ከጎናቸው ጥጥ እየፈተልሁ ነው። ጽሕፈቴ ቢንጋደድ ጥፋቱ የእንዝርቱ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እዚህ ፃግብጂ፣ አገራችን፣ ወንዝ ዳር ያለችው መሬት፣ ውሃ የምትጠጣ አንዲቷ መሬታችን፣ የይዞታ ደብተሯ በእኔ ስም ነው። አዳነች ከአምስት ሴቶች ጋር ተደራጅታ መሬት ካቀረቡ ከግብርና ቢሮ የላስቲክ ቤት ሊሰጣቸው ሆነ። የላስቲክ ቤት ማለት በብረት ቅስት ላይ ነጭ ላስቲክ የለበሰ፣ ሰው ቆሞ የሚሄድበት ረጅም ዳስ ነው። ቲማቲም ይተከልበታል፤ ቁርም በረዶም አይደፍረውም። እስከዚህ ደግ ነው። የእኔ ጠብ ከጣሪያው ጋር ሳይሆን ከወለሉ ጋር ነበር። ከቲማቲሙ ሥር፣ አፈሩ ላይ፣ ሌላ ስስ ጥቁር ላስቲክ ይነጠፋል፤ አረም እንዳይበቅል፣ እርጥበት እንዳያመልጥ። ጉዝጓዝ ይሉታል። እኔ ደግሞ መሬቴ ላይ ላስቲክ እንዳይነጠፍ ምዬ ነበር።

ለምን ማልሁ? ዳማ የምትባል ላም ነበረችኝ። ከስታ ከስታ ሞተች፤ ሆዷ ሲከፈት የሰው ራስ የሚያህል የፌስታል ድብልብል ወጣ። ያን ያየ ዓይን ላስቲክ አይወድም።

«እማዬ፣ ይሄኛው እኮ ይበሰብሳል» አለች አዳነች። «ቲማቲሙ ሲያልቅ ከአፈሩ ጋር ይታረሳል፣ አፈር ይሆናል።»

«ማን አየው?»

«ሰቆጣ እየሞከሩት ነው። ለተብርሃን አለችበት።»

ለተብርሃን የአክስቴ የልጅ ልጅ ናት፤ ከሰቆጣ ከተማ ወጣ ብሎ ካሉት የሙከራ ቦታዎች አንዱን የምትንከባከበው እሷ ናት።

«እንግዲያው ሄጄ በዓይኔ አያለሁ። ደውይላት። አርብ ትመጣለች፣ ያለፈው ዓመት ጉዝጓዝ የታረሰበትን ቦታ አሳዪኝ ብላለች በያት።»

«መልሱን እስከ ሰኞ ካልሰጠን ለሌላ ቀበሌ ይሰጡታል። ታውቂያለሽ አይደል?»

«ሰምቻለሁ።»

ልጄ መቼም አትለምንም። ያን ቀን ግን እጇን አጣምራ ፊቴ ቆመች፤ ሳትናገርም ለመነችኝ። መሬቱ ከተከለከለች ከአምስቱ ሴቶች ጋር የሁለት ዓመት ድካሟ ባዶ ሊቀር ነው። ብፈቅድና ላስቲኩ ባይበሰብስ ደግሞ ያለችን አንዲት መሬት ትበላሻለች።

ሐሙስ፣ ከንጋቱ 11 ሰዓት

በሶ በጨርቅ ቋጥሬ፣ ምርኩዜን ይዤ ወጣሁ። እግሬ ቤት አይወድም፤ ባለቤቴ ነፍሱን ይማረውና፣ «አንቺ ሴት እግርሽን ሰው ረግሞታል» ይለኝ ነበር። እስከ መኪናው መንገድ የሦስት ሰዓት እግር ነው። በእርከኑ ጥግ ጥግ ወርጄ፣ ደረቁን ወንዝ ተሻግሬ፣ ግራሮቹ ሥር አንዴ አርፌ፣ ሁለት ሰዓት ላይ ደረስሁ። መኪናው ቆሟል። ሞተሩም ተነሥቷል።

ረዳቱ፣ «ግቡ እማማ፣ ሞልቷል፣ ሊወጣ ነው!» አለኝ።

ገባሁ። ከእኔ ሌላ ሁለት ሰውና አንድ ዶሮ ነበር።

«ልጄ፣ ሞልቷል አላልህም?»

«በልብዎ ይሙሉት እማማ፣ አሁን ይመጣሉ።»

መጡ፤ አዎ፤ አንድ በአንድ፣ ጆንያቸውን እየጎተቱ፣ እስከ አምስት ተኩል ድረስ። ሞተሩ በየመሐሉ ይነሣል፣ ሰው ይሮጣል፣ ሞተሩ ይጠፋል። በመጨረሻ ስንወጣ እግሬ ሥር የማሽላ ከረጢት፣ ጭኔ ላይ የሰው ልጅ፣ ትከሻዬ ላይ የማላውቀው ሰው እንቅልፍ ነበረ። ለዚህ ምቾት መቶ ሃያ ብር ከፈልሁ።

አጠገቤ የነበሩት ሽማግሌ በአገራችን ቋንቋ፣ በኽምጣና፣ ወዴት እንደምሄድ ጠየቁኝ። የሚበሰብስ ላስቲክ ለማየት ነው አልኋቸው።

«ለምን? የሰው ዕቃ ሁሉ ሳይነግሩት አይደል የሚበሰብስ?»

መኪናው በሙሉ ሳቀ። እኔ በመስኮት ተራራውን አየሁ። ያ ገላጣ ቀይ ተራራ፣ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተካቦበት፣ እርከኑ እንደ አሮጊት ግንባር ተሸብሽቦ። ሰው በጁ ያን ሁሉ ድንጋይ የካበው አንዲት ጭብጥ አፈር እንዳታመልጠው ነው። በዚያ አፈር ላይ ነው እንግዲህ ላስቲክ አንጥፉ የሚሉኝ።

ሰቆጣ ዘጠኝ ሰዓት አለፍ ሲል ገባን። የለተብርሃንን መንገድ ለመጠየቅ ሰይድ ሱቅ ጎራ አልሁ፤ የአባቱ ደንበኛ ነበርሁ። ላስቲክ፣ ገመድ፣ ጀሪካን ይሸጣል።

«እማማ ዘነቡ! እስካሁን ይዞራሉ?»

«እዞራለሁ። ሰይድ፣ የሚበሰብስ ላስቲክ አለህ?»

ክርኑን ባንኮኒው ላይ ደግፎ አዘነልኝ። «ሃያ ዓመት ‘ይሄ ላስቲክ አይበሰብስም’ ብዬ እየማልሁ ሸጥሁ። አሁን ደግሞ ‘ይበሰብሳል’ ብዬ ልማል? አላህስ ምን ይለኛል?»

ከዚህ ጉዞ ሁሉ ቀጥ ያለ መልስ የሰጠኝ እሱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ያን ቀን ከተማ ውስጥ ካለችው የእህቴ ልጅ ዘንድ አደርሁ።

አርብ፣ ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል

የላስቲክ ቤቱን ሙከራ የሚከታተለው ባለሙያ ጌትነት ይባላል። ቢሮው ሄድሁ። በሩ ላይ አንዲት ልጅ ስልኳን ታያለች።

«ስብሰባ ላይ ነው።»

«መቼ ይወጣል?»

«ሲጨርሱ።»

«መቼ ይጨርሳሉ?»

«ሲወጡ፣ እማማ።»

ልጅቱ ክፉ አይደለችም፤ ወንበር ሰጠችኝ፣ ውሃም አመጣችልኝ። እኔም ማንም ላይ አልጮህም። ግን ከዚያ ወንበር ላይ ሆኜ አዳነችን፣ ጌትነትን፣ በቆሎን (ላስቲኩን ከበቆሎ ነው የሚሠሩት አሉ)፣ ይህን ሁሉ ያሰበውን ሰው በሆዴ አንድ በአንድ ወቀስሁ። በቆሎ ለሰው ሳይበቃ ለመሬት ልብስ! ስድስት ሰዓት ላይ ጌትነት ወጣ። ቀጭን፣ ትሑት፣ ዓይኑ የደከመው ልጅ።

«እማማ፣ ዛሬ አልችልም፣ ከሰዓት በኋላም ስብሰባ አለን። ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ሙከራው ቦታ እንገናኝ። ሁሉንም አሳይዎታለሁ።»

«ለለተብርሃን ዛሬ ነው ብዬ ልኬባት ነበር እኮ።»

«ነገ፣ በእርግጠኝነት።»

በሰቆጣ ‘በእርግጠኝነት’ የሚባለውን ከስንት ሰው እንደሰማሁ እኔ አውቃለሁ። ምርኩዜን አንሥቼ ብቻዬን ወደ ለተብርሃን ወጣሁ፤ የአንድ ሰዓት መንገድ ነው።

ለተብርሃን ከሩቅ አይታኝ ሮጣ መጣች፤ ጉልበቴን ልትስም ብትጎነበስ ወገቧን ይዛ «ውይ!» አለች።

«ምን ሆነሽ?»

«ምንም፣ እማማ። ሥራ ነው። እንኳን ደህና መጡ።»

ጣቶቿ ቆሳስለው ነበር፤ ጥፍሯ ውስጥ አፈር ገብቷል። ገበሬ ናትና አልገረመኝም። ነጩ የላስቲክ ቤት ከወንዙ ዳር ተዘርግቷል። በሩ ተቆልፏል። ቁልፉ ጥበቃው ጋር ነው። ጥበቃው ቀብር ሄዷል።

«መቼ ይመጣል?» አልሁ፤ መልሱንም ራሴ ጨረስሁት። «ሲቀብር።»

ሳቀች። ከበሩ አጠገብ ጢም ብሎ የታጨቀ የማዳበሪያ ጆንያ ነበረ፤ አራግፋ፣ ነጠላዋን አንጥፋ፣ «እዚህ ይቀመጡ፣ ይመችዎታል» አለችኝ። በእውነት ይመቻል። ለስላሳ ነው፤ ስነቃነቅ ኮሽ ኮሽ ይላል። የባቄላ ገለባ መሰለኝ። እዚያ ላይ ተቀምጬ የጾም በሶዬን በጥብጬ ጠጣሁ፤ በላስቲኩ ውስጥ ቲማቲሙ እንደ አረንጓዴ ጥላ ሲታይ ዓይኔን ሳደክም ሁለት ሰዓት ሙሉ ቆየሁ። ጥበቃው አልመጣም። ለተብርሃን ቤት አደርሁ፤ ቤቷ ተጠርጓል፣ መደቡ በአዲስ ጭቃ ተለስኗል። እንግዳ አክባሪ ናት ብዬ መረቅኋት።

ቅዳሜ፣ 3 ሰዓት

ጌትነት ከቀጠሮው አንድ ሰዓት ዘግይቶ መጣ፤ ግን መጣ። ጥበቃውም ቁልፉን ይዞ መጣ። በሩ ሲከፈት ሙቀቱ ክዳኑ እንደተነሣ ድስት ፊቴን መታኝ። ነጠላዬን አወለቅሁ።

ግን እውነቱን ልናገር፤ እንዲያ ያለ ቲማቲም አይቼ አላውቅም። በገመድ ተንጠልጥሎ ከእኔ በላይ ቆሟል፤ ፍሬው እንደ ዘለላ ወርዷል። የአዳነች ልብ ለምን እንደሸፈተ ገባኝ።

ጌትነት መደቦቹን አንድ በአንድ አሳየኝ። የመጀመሪያው ላይ የተለመደው የማይበሰብስ ላስቲክ ተነጥፏል፤ ለማወዳደር ነው አለኝ። ሁለተኛው ላይ የሚበሰብሰው። ሦስተኛው ላይ ወፍራም ወረቀት፣ አራተኛው ላይ ጭድ።

«ወረቀቱ ምን ሆኖ ነው እንዲህ የተበሳሳ?»

«ምስጥ በላው» አለ ጌትነት፣ አንገቱን ደፍቶ።

«ጭዱስ? ጭድ አለ አልህ እንጂ እኔ አፈር ነው የማየው።»

ጥበቃውና ለተብርሃን ተያዩ። ጌትነት ተነፈሰ። «ስናነጥፍ ይጠፋል፣ ስናነጥፍ ይጠፋል። ሦስት ጊዜ አነጠፍን። ማን እንደሚወስደው አልታወቀም።»

ማን እንደሚወስደው ሳይነግሩኝ አወቅሁ። በሬ በረኃብ አጥንቱ በሚቆጠርበት አገር ጭድ መሬት ላይ በትኖ ይበስብስ የሚል ሰው መጀመሪያ በሬውን ይጠይቅ። ጥበቃው የሚያስራት አህያ በደጅ ቆማለች፤ ደልባለች።

«ዋናውን አሳየኝ» አልሁ።

ከሚበሰብሰው ላስቲክ አዲስ ቁራጭ ሰጠኝ። ሳብሁት፤ ይለጠጣል። አሸተትሁት። ከፌስታል በምንም አይለይም።

«ልጄ፣ ይህን ላም ብትበላውስ?»

ደብተሩን ገለጠ፣ ዘጋ። «እሱን... እሱን አልሞከርነውም፣ እማማ። የእኛ ሙከራ በአረሙ፣ በእርጥበቱና በምርቱ ላይ ነው።»

«ዋናውን ትታችሁ!»

«ላሟ እኮ አታገኘውም። ከታረሰ በኋላ አፈር ይሆናል።»

«በስንት ጊዜ?»

«እንደ አፈሩ፣ እንደ ሙቀቱ፣ እንደ ውሃው...»

ሦስት ‘እንደ’ ቆጠርሁ። ትዕግሥቴ እዚያ ላይ አለቀ፤ ድምፄን ግን ከፍ አላደረግሁም። «ልጄ፣ እኔ የመጣሁት ለአንድ ነገር ነው። ሰኞ ለልጄ እሺ ወይም እንቢ ማለት አለብኝ። ያለፈው ዓመት ጉዝጓዝ የታረሰበትን አሳየኝ፤ ቆፍርልኝ።»

ከላስቲክ ቤቱ መጨረሻ ላይ ገና ያልተተከለበት መደብ አለ። አፈሩ ልቅም ያለ ነው፤ ጠጠር እንኳ የለበትም፤ እንደ ተነፋ ዱቄት። ጌትነት ዶማ አንሥቶ ቆፈረ። ምንም። ሁለት ክንድ አልፎ ደግሞ ቆፈረ። ምንም። እኔም ተንበርክኬ በጣቴ ፈተግሁት። ጥቁር ነገር የጥፍር ያህል አልተገኘም።

ጌትነት ዶማውን ተደግፎ ቆመ። «ይገርማል» አለ፣ ለራሱ እንደሚናገር። «እኔ ገና ብዙ ቁርጥራጭ እጠብቅ ነበር። የቤቱ ሙቀት ይሆናል ያፈጠነው።» ደብተሩ ላይ ረጅም ነገር ጻፈ።

«ለተብርሃን» አልሁ፣ «ምን ያለ ንጹሕ መሬት ነው!»

ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ በደስታ አቀረቀረች። «እግዜር ይስጥልኝ፣ እማማ።»

ከዳማ ሞት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ላስቲክ ልቤ ቀለለኝ።

እሁድ፣ ወደ ቤት

ከቤተ ክርስቲያን እንደወጣሁ መኪና ተራ ሄድሁ። ያው ረዳት፣ ያው «ሞልቷል»፣ ያው ባዶ መኪና። በዚህ ጊዜ ውጭ ቆሜ ጠበቅሁ፤ እስኪሞላ ድረስ ሞተሩን ሲያስነሣና ሲያጠፋ ቆሜ አየሁት። ከመኪና ወርጄ የሦስት ሰዓቱን ዳገት ስጨርስ ፀሐይ ልትገባ ነበር። አዳነች ከወንዙ ማዶ ትጠብቀኛለች። ምንም ሳትጠይቅ ምርኩዜን ተቀበለችኝ።

«ቆፈርነው» አልኋት። «የለም። አፈር ሆኗል።»

«ሙሉ በሙሉ?»

«የጥፍር ያህል አልተረፈም። ሰኞ ሄደሽ እሺ በያቸው።»

ደብተሩን ከሣጥን አወጣሁላት። እዚያው መንገድ ዳር ተቀምጣ አለቀሰች፤ ልጄ መቼም አታለቅስም። ከዚያ ጉዞ የተማርሁትን ሲጠይቁኝ፣ «ሰው ነገረኝ አትበሉ፣ ሂዳችሁ በዓይናችሁ እዩ» እላቸው ነበር። ለጎረቤቱም፣ ለቀበሌውም፣ ለሰማ ሁሉ እንዲያ አልሁ።

ከዚያ ወዲህ

የላስቲክ ቤቱ ቆመ። ቲማቲሙ አማረ፤ አዳነችና ጓደኞቿ በሣጥን ወደ ሰቆጣ ይልኩ ጀመር። ጉዝጓዙን ከአፈሩ ጋር አረስነው። ቀጣዩ ተከላ ሲደርስ አፈሩን ብንገለብጠው የቁራ ላባ የመሰለ ጥቁር ቁርጥራጭ በየቦታው ወጣ።

ተናደድሁ። «የሰቆጣው በአንድ ዓመት አፈር ሆነ፤ የእኛው ምነው?» አዳነችን ወቀስሁ፣ ጥልቅ አላረስሽም ብዬ። ውሃውን ወቀስሁ። ፍግ አነሰው አልሁ፤ በጀርባዬ ፍግ አመላለስሁ። ከዳማ ወዲህ የገዛኋትን ላም አሰርኋት፤ ከመደብ እስከ መደብ እየተንበረከክሁ ቁርጥራጩን በእጄ ለቀምሁ። ባለሙያዎቹ ሲመጡ፣ «አፈር ከአፈር ይለያያል» ይሉኛል። እኔም መሬቴን ሰነፍ መሬት አልኋት። ስሟ እስከዛሬ በዚያው ቀረ፤ ልጆቹም «ሰነፏ» ይሏታል። ቁርጥራጩ ፈጽሞ እስኪጠፋ ሦስት ጊዜ ተከልን፣ ሦስት ጊዜ ለቀምሁ። ጠፋ በመጨረሻ፤ መቼም አልዋሹም። ላሟም ደህና ናት። ግን ያ ሁሉ ዓመት የለተብርሃንን መሬት ሳስብ ቅናት ያዘኝ።

ባለፈው ጥር ለተብርሃን ልጇን ስትድር ሰቆጣ ሄድሁ። ሰርገኛው ከሄደ በኋላ ጎን ለጎን ተቀምጠን፣ ሆዴ አልቻለም።

«ለተብርሃን፣ የእናንተ አፈር ምን ቢበላ ነው እንዲያ ያለ ሆድ ያለው? በአንድ ዓመት ያን ሁሉ ላስቲክ!»

«የቱን ላስቲክ?»

«ያን ጊዜ ቆፍረን ያጣነውን።»

ሳቋ አፈናት። «ምን አፈር አመጡብኝ፣ እማማ! አርብ ትመጣለች፣ ያችን መደብ ታያለች ተባልሁ። ሄጄ ባየው በየቦታው ቡትቶ። ማክሰኞና ረቡዕ ከልጄ ጋር ተንበርክከን፣ አፈሩን በሰፌድ እንደ እህል አንፍሰን፣ አንድ በአንድ ለቀምነው። ያን ለእንግዳ ላሳይ ኖሯል? ወገቤ ስንት ቀን ታመመ!»

ወደ እሷ ዞርሁ።

«የት ጣልሽው?»

«መቼ ጣልሁት፣ ጆንያ ውስጥ ነዋ ያጨቅሁት።»

«ጆንያውስ?»

«አርብ ዕለት ቁልፉን ሲጠብቁ የተቀመጡበት ነዋ፣ እማማ።»